ኦድሪ ፍላክ፦ ሊፕስቲክ፣ ሻማና የአሸዋ ሰዓት በ2.44 ሜትር ሸራ ላይ

ሸራ ወጣሪ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ስቲል ላይፍ (ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ዕቃዎች ሥዕል) በተነሳ ቁጥር ስማቸው የሚጠራው የሆላንድ ሠዓሊዎችና ፈረንሳዊው ሴዛን ናቸው፤ ኦድሪ ፍላክ ግን እዚህ አንድም ቀን በወጉ አልተወራላትም። ጁን 28 ቀን 2024 በ93 ዓመቷ ያረፈች ሠዓሊ ናት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1931 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ ከመጡ አይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። ኩፐር ዩኒየን ተማረች፤ ከዚያ ወደ ዬል ሄዳ በጆሴፍ አልበርስ ሥር ተማረችና በ1952 ተመረቀች። አልበርስ ካሬ በካሬ ውስጥ እየደረበ የቀለምን ጠባይ ሲያጠና የኖረ መምህር ነው። እሷም ያኔ የምትሠራው እንደ ዘመኑ አብስትራክት ኤክስፕረሽኒዝም (ዕቃና ሰው ሳይሥል በቀለምና በእጅ እንቅስቃሴ ስሜት የሚገልጽ ሥዕል) ነበር፤ እነ ሠዓሊው ጃክሰን ፖሎክ የሚያመሹበት መጠጥ ቤት፣ ሴዳር ታቨርንም ትገኝ ነበር። ልቧ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ዬልን ከጨረሰች በኋላ አርት ስቱደንትስ ሊግ ገብታ ከሮበርት ቤቨርሊ ሄል ዘንድ የሰውነት አወቃቀር አጠናች። አብስትራክት በነገሠበት ከተማ አጥንትና ጡንቻ ለመማር ወንበር ላይ መቀመጥ ትልቅ ውሳኔ ነው።

በ1964 የኬኔዲን የመኪና አጀብ ከቀለም ፎቶ ላይ ሣለች። ያኔ ከፎቶ መሣል እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ወቀሳው ከባድ ነበር። በ1969 እና 1970 መካከል «የፋርብ ቤተሰብ»ን ስትሠራ ደግሞ ስላይዱን (ብርሃን የሚያሳልፍ የፎቶ ፊልም) በፕሮጀክተር በቀጥታ ሸራው ላይ አበራችው። ከዚያ በኋላ ከፎቶ የሠራቻቸው ሥዕሎች ከዚያ ግኝት ይመዘዛሉ። ፎቶሪያሊስት ከተባሉት፣ ፎቶ እስኪመስል ከሚሥሉት ውስጥ መኪና፣ ሞተር ብስክሌትና የሱቅ መስታወት የሚሥሉት ወንዶች በበዙበት ጊዜ እሷ ጠረጴዛ ላይ ሽቶ፣ ጌጣ ጌጥ፣ ኬክና ሊፕስቲክ ደረደረች። «ጆሊ ማዳም» በ1972፣ «የሌዎናርዶ እመቤት» በ1974፣ «ንግሥት» በ1975 እና 76፣ ከዚያ የቫኒታስ ሥራዎች እስከ 1978። የሚያውቅ ይጨምርበት።

ሰማያዊ ብልቃጥ፦

ስለከፈትከው አመሰግናለሁ ወንድሜ። ቫኒታስ የሚለውን ልጨምር፤ ለእኛ ሩቅ ቃል አይደለም። መጽሐፈ መክብብ «ከንቱ፥ ከንቱ፤ ሁሉ ከንቱ ነው» ሲል የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ቫኒታስ ይለዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሠዓሊዎች የራስ ቅል፣ የሚያልቅ ሻማ፣ የአሸዋ ሰዓትና የጠወለገ አበባ አንድ ጠረጴዛ ላይ አድርገው ሲሥሉ ስሙን የወሰዱት ከዚያ ነው። ከእነሱ አንዷ ሴት ነበረች፦ ማሪያ ፋን ኦስተርቫይክ። የ1668 ቫኒታሷ ዛሬ ቪየና ኩንስትሂስቶሪሸስ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ከፍላክ «ማሪሊን» ጎን አድርጋችሁ እዩት፤ የዘር ሐረጉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ማሪሊን (ቫኒታስ)» የ1977 ሥራ ነው፤ 96 በ96 ኢንች፣ ማለትም 2.44 ሜትር በ2.44 ሜትር። አሁን ያለው ቱሳን፣ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው። የተገለጠ መጽሐፍ ላይ የፊልም ተዋናይቷ የማሪሊን ሞንሮ ፎቶ አለ፤ ዙሪያውን ፓውደር፣ ሊፕስቲክ፣ መስታወት፣ የአሸዋ ሰዓት፣ የኪስ ሰዓት፣ የሚነድ ሻማ፣ ጽጌረዳ፣ የተከፈለ ፍሬ። ከእነዚህ መካከል ፍላክና ወንድሟ ልጆች ሳሉ የተነሱት ፎቶ አለ። ቀይ ቀለም የነካ ብሩሽም አለ፤ የሠዓሊዋ እጅ ከሥዕሉ ውጭ እንዳልሆነ የሚናገረው እሱ ነው። የሞንሮ ፊት በሜካፕ የተሠራ ነው፣ ሥዕሉም በቀለም የተሠራ ነው። ፓውደሩ እዚያ የገባው ለማስጌጥ አይደለም።

«ንግሥት» ላይም የቼዝ ንግሥት፣ የካርታ ንግሥት፣ ጽጌረዳና የተቆረጠ ብርቱካን አለ፤ ሎኬቱ ውስጥ ያለው የራሷና የእናቷ ፎቶ ነው። እናቷ ካርታ ትጫወት ነበር። ይህን ያላወቀ ሰው ካርታውን እንደ ማሟያ ዕቃ አይቶት ያልፋል።

ጥግ አንባቢ፦

በአክብሮት አንድ ነገር ልጠይቅ። ስላይድ በፕሮጀክተር አብርቶ ዳር ዳሩን መከተል፣ ከዚያ በኤርብረሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭ መሣሪያ) መንፋት፤ የሠዓሊው ድርሻ የቱ ጋ ነው? ፎቶውን አትሞ መስቀል አይበቃም ወይ? ጥያቄው የብዙ ሰው ነው፤ በወጉ ቢመለስ ደስ ይለኛል።

ብርሃንና ጥላ፦

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ መልሱ ከሸራው በፊት ይጀምራል።

ፍላክ መንገድ ላይ ያገኘችውን አልቀረጸችም። ዕቃውን መርጣ፣ ደርድራ፣ አብርታ፣ ከዚያ አስነስታ ነው ወደ ሸራ የሄደችው። ስቲል ላይፍ ያስነሳ ሰው ያውቀዋል፤ ጠረጴዛው ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲኖር ከፊት ያለው ቼሪና ከኋላ ያለው ሻማ አብረው አይጠሩም። የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 ማጥበብ ግድ ነው። ሲጠብብ ብርሃን ይጎድላል፤ ዘገምተኛ የስላይድ ፊልም ላይ መክፈቻው አንድ ሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ ስለዚህ ትራይፖድና የመዝጊያ ገመድ ያስፈልጋል። ሻማ ካለበት ደግሞ ችግሩ ድርብ ነው፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ነበልባሉ ይወዛወዝና ቅርጹ ይጠፋል፣ ሰሙም ስለሚወርድ ሁለተኛው ፎቶ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። አበባና የተቆረጠ ፍሬም አይጠብቁም፤ መብራቱ ሙቀት አለው፣ ብርቱካኑ ይደርቃል፣ ጽጌረዳዋ አንገቷን ትደፋለች። ደንቡ መጀመሪያ መብራቱን በማይበላሹት ዕቃዎች ላይ አስተካክሎ መጨረስ፣ ፍሬና አበባውን በመጨረሻ ማግባት ነው።

ከዚያ ስላይዱ ራሱ ይዋሻል። የስላይድ ፊልም የብርሃን ስፋቱ ጠባብ ነው፤ ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ጥቁር ይሆናል፣ ብር ዕቃ ላይ ያለው ንጸባራቅ ደግሞ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንዱን በልኩ፣ አንዱን አንድ ስቶፕ (የብርሃን እጥፍ) ከፍ፣ አንዱን አንድ ስቶፕ ዝቅ አድርጎ ማንሳት የተለመደ ነው። ሠዓሊው ከሦስቱ የትኛውን ለየትኛው ቦታ እንደሚከተል ይወስናል። ሉሉ ላይ ያለውን ነጭ ከጨለማው ስላይድ፣ ከሻማው ሥር ያለውን ጥላ ከብሩሁ። አትሞ መስቀል ይህን አይሰጥህም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ልኩ አለ። ሊፕስቲክ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ነው፤ እሷ ሸራ ላይ የክንድ ያህል ይረዝማል። ዓይንህ ከዕቃው ጋር ያለው ልምድ ይፈርሳል። በስልክ የምታየው «ማሪሊን» ያን አይነግርህም።

ሸራ ወጣሪ፦

በጣም ጥሩ መልስ ነው። የፕሮጀክተሩን ሒሳብ ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው።

የ35 ሚሊ ሜትር ስላይድ 24 በ36 ነው። ካሬ ሸራ ላይ ስታበራ የምትጠቀመው 24 በ24ቱን ብቻ ነው። 24 ሚሊ ሜትር ወደ 2,440 ሲሄድ ወደ 102 ጊዜ ያድጋል። በ100 ሚሊ ሜትር የፕሮጀክተር ሌንስ ለዚህ 10 ሜትር ያህል ርቀት ያስፈልጋል፤ በ60 ሚሊ ሜትር ሌንስ 6 ሜትር ያህል። ክፍልህ ከዚያ ካነሰ ሸራውን በአራት ክፍል ከፍለህ ማብራት ይቀርሃል፤ መገጣጠሚያው ላይ መስመሮቹ እንዳይዛነፉ በየክፍሉ ቢያንስ ሁለት የጋራ ነጥብ ምልክት አድርግ።

ፕሮጀክተሩ ከሸራው መሃል ጋር ቀጥ ብሎ ካልቆመ ካሬው ትራፔዝ ይሆናል። በዓይን አትፍረድ፤ ክር ይዘህ አራቱን ጎንም፣ ከጥግ ወደ ጥግም ለካ። 2.44 ሜትር ካሬ አራቱም ጎኖቹ እኩል፣ ሁለቱም ሰያፎቹ 3.45 ሜትር መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌላው በጣም ከበለጠ ክብ ሰዓትህ ዕንቁላል ይሆናል፣ ያንን ደግሞ ምንም ቀለም አይሸፍነውም።

ሌላው ሙቀቱ ነው። የካርቶን ፍሬም ያለው ስላይድ ሲሞቅ ፊልሙ ያብጥና ትኩረቱ ይጠፋል። አንዳንዱ ሰው ሌንሱን ሲያሽከረክር ይውላል። መፍትሔው ፊልሙን በሁለት መስታወት መካከል አስሮ ማብራት ነው። ለሰዓታት የበራ ስላይድ ደግሞ ቀለሙ ስለሚሸሽ ቅጂ ይሠራለታል፤ ዋናው ከፕሮጀክተር ይርቃል።

ጭስ ቀለም፦

የኤርብረሹን ጉዳይ ለእኔ ተዉልኝ።

ፍላክ በዚህ መሣሪያ የሠራችው ቀጫጭን አክሪሊክ እየደረበች ነው። ነገሩን ለማያውቅ፦ መሣሪያው ኮምፕረሰር (አየር የሚያምቅ ማሽን)፣ ቱቦ፣ ውኃ ማጥመጃ፣ ከዚያ እጅ ላይ የሚያዘው ራሱ ነው። በውስጡ መርፌ አለ፣ ጫፉ ላይ አፍንጫ። ሁለት ሥራ የሚሠራው ዓይነት ቃታው ሲጫን አየር፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ቀለም ይለቃል። ለሰፊ ቦታ የ0.5 ሚሊ ሜትር መርፌና ከ1.5 እስከ 2 ባር ግፊት፤ ለጠርዝና ለቀጭን መስመር የ0.2 መርፌና ከ1 ባር በታች። ለስላሳ ሽግግር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆነህ፣ ቀጭን መስመር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ቀርበህ። እጅህ ከመርጨትህ በፊት መንቀሳቀስ ይጀምር፣ ካቆምህ በኋላ ይቁም። ቆሞ የረጨ ሰው በመስመሩ ሁለት ጫፍ ላይ ጉብታ ያገኛል።

ቀለሙ ወተት መምሰል አለበት። ፈሳሽ አክሪሊክ ከሆነ አንድ እጅ ቀለም ከአንድ እጅ የኤርብረሽ ሚዲየም ጋር ጀምር። ውኃ ብቻ አብዝቶ ማቅጠን አይበጅም፤ ማጣበቂያው ይበተንና የደረቀው ቀለም በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይነሳል። ከዚያ በናይሎን ስቶኪንግ አጥልል።

ምን ይበላሻል፦

ቀለሙ የሸረሪት እግር እየሠራ ከሮጠ ወይ በጣም ቀጥኗል፣ ወይ ቀርበሃል፣ ወይ ግፊቱ በዝቷል። ሸራው ላይ እንደ አሸዋ ከሻከረ ቀለሙ ሳይደርስ አየር ላይ ደርቋል፤ ቅረብ፣ ግፊት ቀንስ። እየተንጠባጠበ የሚተፋ ከሆነ መርፌው ጫፍ ላይ ቀለም ደርቋል፤ በእርጥብ ጥጥ ጠርገው። የቀለም ቋቱ ውስጥ አረፋ እየፈላ ከሆነ አፍንጫው በደንብ አልተቀመጠም ወይም ተሰንጥቋል። ሸራው ላይ ድንገት የውኃ ጠብታ ካረፈ ውኃ ማጥመጃው ሞልቷል።

አንድ ስሕተት ግን ከሁሉም ያሳዝነኛል፦ ነጭ። ጥቁር ላይ ነጭ ስትረጭ ጭጋጉ ሰማያዊ መስሎ ይታያል፤ ሉል የነበረው የሞተ ዓይን ይሆናል። የሚያበራው ነጭ ከሥር ያለው የሸራው ነጭ ነው፣ ስለዚህ ንጸባራቁን አስቀድመህ ማስከበር አለብህ። በመጨረሻ ነጭ መጨመር ግድ ከሆነ ጥቂት ቢጫ ጠብ አድርግበት፣ መሃሉንም በብሩሽ ንካው።

በመጨረሻም ሳንባ። ካድሚየምና ኮባልት ያለበትን ቀለም በኤርብረሽ አትርጩ። በብሩሽ ሲቀባ ሸራው ላይ ይቀራል፤ ሲረጭ ግን ትተነፍሱታላችሁ። ማስኩ የጨርቅ ሳይሆን ማጣሪያ ያለው ይሁን።

ሰማያዊ ብልቃጥ፦

ጭስ ቀለም፣ እጅህን ይባርክ። በሙዚየም መግለጫ ላይ «ዘይት በአክሪሊክ ላይ» የሚለውስ? «ማሪሊን»ም «ሁለተኛው የዓለም ጦርነት»ም እንደዚያ ተጽፎባቸዋል።

ጭስ ቀለም፦

አክሪሊክ የሚደርቀው ውኃው ሲተን ነው፣ በደቂቃዎች። ስለዚህ በአንድ ቀን ብዙ ንብርብር መርጨት ይቻላል፤ ዘይት ቢሆን ንብርብሩ ቀናት ይጠብቅ ነበር። ዘይት ደግሞ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር በብሩሽ ጠርዝ ለማለስለስ፣ ቀለም ለማጥለቅ ጊዜ ይሰጣል። ሁለቱንም በየተራቸው መጠቀም ብልህነት ነው። ተራው ግን አይገለበጥም። ዘይት በአክሪሊክ ላይ ይይዛል፤ አክሪሊክ በዘይት ላይ ቆይቶ እንደ ቅርፊት ይላጣል። የታችኛው አክሪሊክ መስታወት እስኪመስል ካንጸባረቀም ዘይቱ የሚይዝበት ያጣል፤ ደብዘዝ ያለ ይሁን።

ጥግ አንባቢ፦

ጥያቄዬ ተመልሷል፤ አመሰግናለሁ። «ሁለተኛው የዓለም ጦርነት» ካነሳችሁት ግን ስለ እሱ ዝም ማለት አይቻልም። ከቡከንቫልድ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ፊት ለፊት ኬክ? ያንን እንዴት ታዩታላችሁ?

ብርሃንና ጥላ፦

ብዙ ሃያሲ የተቆጣው እዚያ ላይ ነው። ሥዕሉ የ1976 እና 77 ሥራ ነው፣ እሱም 2.44 ሜትር ካሬ፤ ያለው ፊላደልፊያ፣ የፔንስልቬንያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ዘንድ ነው። ከበስተኋላ ማርጋሬት ቡርክ ዋይት በ1945 ቡከንቫልድ ነፃ ሲወጣ ያነሳችው ፎቶ አለ፤ ባለ ግርፍ ልብስ እስረኞች ከሽቦው ኋላ ቆመው ያያሉ። ከፊት ትንንሽ ኬክ በብር ዕቃ፣ ሉል፣ ጽጌረዳ፣ ቢራቢሮ፣ ሰዓት፣ የዳዊት ኮከብ፣ ቀይ ሰሙ የሚወርድ ሻማ፣ ከአይሁድ መምህሩ ከረቢ ናክማን ትምህርት የተወሰደ ጽሑፍ።

ቀለሙን ተመልከት። ፎቶው ጥቁርና ነጭ እንደሆነ ነው የቀረው፤ እስረኞቹን አላስዋበቻቸውም፣ ቀለምም አልቀባቻቸውም። ኬኩ ግን በአሥር ዓይነት ሮዝና ክሬም ያበራል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሻማው ብቻ ነው፤ የመታሰቢያ ሻማ ነው፣ ሰሙም እንደ ደም ይወርዳል። ኬኩን ብታወጣው የሚቀረው ሁላችን ያየነው ፎቶ ነው፤ አይተን ያለፍነው። ኬኩ ስላለ ነው ዓይን የሚሸማቀቀው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ያማረን እሱ ነው። እሷ ራሷ አይሁድ ናት፤ በዚህ ነገር ለመቀለድ ምንም ምክንያት አልነበራትም። እኔ ይህን ሥዕል ከሁሉም ሥራዎቿ አስቀድመዋለሁ።

ጥግ አንባቢ፦

ስለ ሻማው ያልሽውን አላስተዋልኩም ነበር። ኬኩ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ባይለቀኝም እንደገና አየዋለሁ።

ሸራ ወጣሪ፦

ክርክሩ የሴት ዕቃ የሚባለውን ንቀትም ይነካል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ከፍላክ በፊትም ነበር። በ1855 የተወለደችው ክላውዲን ሂርስት መጻሕፍትና የትምባሆ ፒፓ ያለበትን ስቲል ላይፍ ስትሥል ስሟን አሳጥራ ክሎድ ብላ ፈረመች፣ የወንድ ስም። የእሷ ሥራ የወንድ ዕቃ፣ ስሙም የወንድ። ፍላክ ተቃራኒውን አደረገች፤ ሊፕስቲኩን ሁለት ሜትር ተኩል በሚጠጋ ሸራ ላይ አድርጋ በሙሉ ስሟ አቆመችው። ብዙ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩበት የጃንሰን የታሪክ መጽሐፍ ሴቶችን ያስገባው በ1986 ዕትሙ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ እሷ ናት።

ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ብሩሹን ለረጅም ጊዜ አስቀምጣ ወደ ሐውልት ዞረች። ደቡብ ካሮላይና፣ ሮክ ሂል ከተማ መግቢያ ላይ የቆሙት «ሲቪታስ» የተባሉት የነሐስ ሴቶች የእሷ ናቸው። ለኒውዮርክ ኩዊንስ የታሰበው ግዙፉ የካትሪን ኦቭ ብራጋንዛ (የእንግሊዝ ንግሥት የነበረች) ሐውልት ግን ንግሥቲቱ ከባሪያ ንግድ ጋር ባላት ግንኙነት የተነሳ ነዋሪው ተቃውሞ ሳይቆም ቀርቷል። በመጨረሻዎቹ ዓመቶቿ ወደ ሥዕል ተመለሰች።

አሜሪካ ያላችሁ፣ «የሌዎናርዶ እመቤት» ኒውዮርክ ሞማ (የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም) ስብስብ ውስጥ ነው፣ «የዕድል መንኮራኩር» ደግሞ ሎንግ አይላንድ ላይ ፓሪሽ ሙዚየም። ሁልጊዜ ግድግዳ ላይ ላይሆኑ ስለሚችሉ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። «ጆሊ ማዳም» ግን ካንቤራ፣ አውስትራሊያ ነው።

አዲስ እጅ፦

ለሁላችሁም ምስጋና። አዲስ አበባ ላይ ኤርብረሽ ልጀምር ነው፤ ኮምፕረሰሩ ከአሜሪካ የሚላክ ነው። ልዩ ጥንቃቄ ካለ?

ጭስ ቀለም፦

መጀመሪያ የኮምፕረሰሩን ጀርባ አንብብ። 110 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ላይ ስትሰካው ሞተሩ ይቃጠላል፤ በቂ ዋት ያለው ትራንስፎርመር ወይም እዚያው 220 የሚቀበል መምረጥ ነው።

ሁለተኛው አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ በጋ ላይ አየሩ ይደርቃል፤ አክሪሊክ መርፌው ጫፍ ላይ ቶሎ ይጠጥራል። ቀለሙ ላይ መድረቁን የሚያዘገይ ጠብታ ጨምር፣ በየጥቂት ደቂቃው ጫፉን በእርጥብ ጥጥ ጥረግ፣ ክፍሉ ውስጥ እርጥብ ፎጣ ስቀል። ክረምት ላይ ተቃራኒው ነው፤ ቱቦው ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፣ ማጥመጃውን ሥራ ከመጀመርህ በፊት አፍስስ።

ቀለም በቀየርክ ቁጥር ቋቱን በውኃ እጠብ፤ ከዚያ አፍንጫውን በጨርቅ ይዘህ አየሩን ወደ ኋላ አፍላው፣ የተደበቀው ቀለም ይወጣል። ማታ መርፌውን ወደ ኋላ መዝዘህ አጽዳ፤ አፍንጫው ውስጥ ሽቦ አታግባ፣ ቀዳዳው ከተስፋፋ መቀየር እንጂ መጠገን የለም። ለመጀመሪያው ሳምንት ሸራ አትንካ፤ ወረቀት ላይ ነጥብ፣ መስመር፣ ከጥቁር ወደ ነጭ ሽግግር ብቻ። ከዚያ አንድ ዕንቁላል ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጥና እሱን ሥራ። ጥላውን ያለ ጥቁር፣ በሰማያዊና በቡኒ ብቻ።

አዲስ እጅ፦

ገባኝ ጋሼ። ዕንቁላሉ ጥሬ ይሁን ወይስ የተቀቀለ?

ጭስ ቀለም፦

የተቀቀለ ይሁን። መብራት ሥር ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፣ ከተንከባለለም አይፈስብህም።